በኤሊዋ ወደ ሰጎኖቹ

ቡታጅራ በአስተማሪነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት በርበሬ እያስቀነጠሰች ሳለ ድንገት ቀና አለችና፣ «እኔ እኮ አውሬ ለማየት ልሄድ ነው» አለችን።

ግቢው ውስጥ ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ፣ በርበሬ የሚቀነጥሱት ሴቶችና እኔ ነበርን። ትልቁ ልጇ፣ «የት?» አለ።

«አቢጃታ። ከዝዋይ ወዲያ። ፈረንጆቹ እዚህ ቆመው ሻይ የሚጠጡት ወዴት ሲሄዱ መሰለህ? አስተርጓሚያቸውን ጠየቅኩት። ሰጎን አለ አለኝ፣ ከርከሮ አለ፣ የሜዳ ፍየል አለ፣ ሐይቁ ላይ ደግሞ ሮዝ ቀለም ያለው ወፍ አለ። በመኪና እየዞሩ ነው የሚያዩት አለኝ። እኔስ መኪና አለኝ አይደል?»

«እማ፣ ሰው ከአውሬ ይሸሻል እንጂ ነዳጅ ቀድቶ ይሄድበታል እንዴ?»

«እናንተ ሽሹ። እኔ እሄዳለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አስተማሪዋ፣ አንቺስ? ሐይቅ ሐይቅ ስትዪ አይደል እንዴ የምትውዪው?»

እውነቷን ነው። ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ከዝዋይ እስከ ጫሞ ያሉትን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በሰማያዊ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ በተርታ እየሳልኩ፣ ተማሪዎቼን ስማቸውን በዜማ አስጮሃቸዋለሁ። ከጎጃም የመጣሁት እኔ ግን አንዳቸውንም በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ዝዋይ እንኳን እዚያው አፍንጫችን ሥር ሆኖ አልሄድኩበትም።

«እሄዳለሁ» አልኩ። ካልኩ በኋላ ነው የፈራሁት።

አከራዬ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ባሏ ሲሞት ንግዱን ብቻዋን ይዛ አስፋፍታዋለች። በመጣሁ ሰሞን አንቱ ስላት፣ «አንቱ አትበይኝ፣ መቃብሬን የቆፈርሽልኝ ይመስለኛል» ብላ ስለተቆጣችኝ «እትዬ» እያልኩ በአንቺታ ነው የማዋራት። መኪናዋን የገዛችው ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ድብልብል ያለች፣ ሞተሯ ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት የሆነ፣ የእርጎ ቀለም ያላት የድሮ መኪና ናት። ሰፈሩ «ኤሊዋ» ይላታል። በዚያን ጊዜ ቡታጅራ ውስጥ መኪና የምትነዳ ሌላ ሴት አይቼ አላውቅም፤ ኤሊዋ ብቅ ባለች ቁጥር ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ በር ይወጣል።

መንጃ ፈቃዱን ያገኘችው ደጋግማ ወድቃ ነው። የሚጥላት ሁልጊዜ የኋላ ማርሽ ነበር። ካለፈች በኋላም ከኋላ ማርሽ ጋር አልታረቀችም። መመለስ ካለባት ሰፈሩን ሙሉ ዞራ ትመጣለች እንጂ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አትልም።

መንዳት ያስተማሯት ታላቅ ወንድሟ ናቸው። ጋሼ የምላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከነተሳቢው ከባድ መኪና ይዘው አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው መሪውን ለቀቁ፤ እግራቸው ግን ሥራውን አልለቀቀም። ተሳፋሪ ሆነው ሲቀመጡ ቀኝ እግራቸው የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ይውላል። ስለ ጉዞው ሲሰሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «መካኒክ ማነው?»

«መካኒክ የለንም» አለቻቸው እህታቸው።

«እንግዲያው እኔ አለሁ» አሉ።

የአጋማሽ ዓመቱን ፈተና አርሜ በጨረስኩበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። እትዬ ከፊት ባለው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ቆጮ፣ አይብ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሽምብራ ቆሎና ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ ደርድራለች። ሥጋ አልያዘችም። እሷና ጋሼ የሚበሉት ሌላ፣ እኔ የምበላው ሌላ ስለሆነ፣ ሁላችንም አንድ ላይ የምንበላውን ብቻ ነው የመረጠችው፤ ስለዚህ ግን ምንም አላለችም። ትልቁ ልጇ በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ትንሹ መስታወቱን ይወለውላል።

«ቢስሚላህ» አለችና ቁልፉን አዞረች። ኤሊዋ አስነጠሳት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተነሳች። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ስለ ጉዟችን ቀድሞ የሰማ አንድ ወያላ፣ ከአውቶቡሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ «አቢጃታ! አቢጃታ! የሞላ፣ አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ሲጮህ መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ጥሩምባዋን ነፋችለት። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ የሳቅኩት ሳቅ የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር።

ከከተማው እንደወጣን ጠጠሩ መንገድ ጀመረ። የእንሰቱ አጥር እየሳሳ ሄደ፤ እንሴኖን ስናልፍ ገበያተኛው ከነአህያው ጥግ ይዞ አሳለፈን። ጋሼ ከፊት ተቀምጠው በጆሯቸው ነበር የሚነዱት።

«ማርሽ ቀይሪ፣ እያለቀሰች ነው።»

«ቀየርኩ እኮ።»

«አልቀየርሽም፤ አስበሻል እንጂ አልቀየርሽም።»

እውነትም ሳትቀይር ቀርታለች። ቆሼ አካባቢ በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ መሬቱ ቀይ ምንጣፍ ለብሷል። እትዬ መንገዱን ትታ የሰው በርበሬ ስትገመግም ኤሊዋ ወደ ቦይ ማዘንበል ጀመረች። «መንገዱን! መንገዱን!» አልን እኔና ጋሼ በአንድ ድምፅ፤ የጋሼ እግርም የመኪናዋን ወለል ሊበሳው ደረሰ። «አይቻለሁ፣ አይቻለሁ» አለች፤ «ግን እርጥበቱ ገና አልወጣለትም።»

ዝዋይ ስንደርስ ሐይቁን አየሁት። እኔ የምስለው ባቄላ የሚያህል ነበር። ይሄ ግን መጨረሻ የለውም። አሳ አጥማጆቹ አሳ በሚበልቱበት ዳርቻ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች መላጣ አንገታቸውን ሰብረው፣ ክንፋቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። እትዬ አንዱን ትክ ብላ አየችውና፣ «ይሄስ ካፖርት የለበሰ ዳኛ ነው። የቀጠሮ ቀን ተሳስቶ የመጣ» አለች። በዚህ በሳቅ ሞትን። ጋሼ ባያዩትም ሳቁ፤ በኋላ አንድ ዳኛ አውቃለሁ ብለው ወሬ ጀመሩ።

ከዚያ አስፋልት ገባን። እትዬ ከከተማ ውጭ አስፋልት ላይ ነድታ አታውቅም። ከባድ መኪኖቹ በአጠገባችን እያፏጩ ሲያልፉ መጀመሪያ ትከሻዋን ሰብስባ ነበር። ትንሽ ቆይታ ግን ጠጠር የሌለበትን መንገድ ጣዕም አገኘችውና ኤሊዋን ለቀቀቻት። ነፋሱ በመስኮት ገብቶ ሻሿን ያርገበግባል። «ይሄማ መንዳት አይደለም፣ ቅቤ ላይ መንሸራተት ነው!» ብላ ጮኸች።

ቡልቡላን አልፈን የአቢጃታና የሻላ ሐይቆች ፓርክ በር ላይ ስንደርስ፣ ዘበኛው ወደ ኤሊዋ ጎንበስ ብሎ አየን። ከዚያ ወደ መንገዱ አየ፤ ከኋላችን ሌላ መኪና የሚጠብቅ ይመስላል።

«ጎብኚዎቹ የታሉ?» አለ።

«እኛ ነና» አለች እትዬ።

«ሹፌሩስ?»

እትዬ በሁለት እጇ የያዘችውን መሪ በአገጯ አሳየችው። ሰውየው ፈገግታውን ለመያዝ ሞከረ፤ አልቻለም። የፓርኩ ጠባቂ አብሮን መግባት ስላለበት፣ አንድ ረጅም ስካውት ከነጠመንጃው ኋላ እኔ አጠገብ ገባ። ጉልበቱ አገጩ ሥር ደረሰ። የጠመንጃው አፈሙዝ በመስኮት ወጥቶ፣ ኤሊዋን ከሩቅ ላያት ሰው ጦር ሜዳ የምትሄድ ትመስል ነበር። ስካውቱ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። «በዝግታ ይንዱ፤ ከመንገድ አይውጡ፤ ከአውሬው ጋር አይነጋገሩ» አለ። የመጨረሻውን ለምን እንዳለ አልገባኝም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ገባኝ።

ግራሮቹ መሃል ትንሽ እንደገባን፣ «ይቁሙ» አለ ስካውቱ በሹክሹክታ። እትዬ ቆመች። ፊት ለፊታችን ሦስት ሰጎኖች አሉ። አንዱ ጥቁር ወንድ፣ ሁለቱ አመድማ ሴቶች። ሥዕል ላይ የሚያውቁት ነገር ተነስቶ ሲራመድ ማየት እንዴት እንደሚያደርግ ልናገረው አልችልም። ጭኑ! የዚያ ወፍ ጭን የቀይ ሰው ጭን ነው፤ ሮጦ የመጣ፣ ሱሪውን የጠቀለለ ሯጭ። ወንዱ ወደ እኛ መጣ። እየቀረበ፣ እየረዘመ፣ ወደ ጋሼ መስኮት መጣ። ጋሼ ማንም ምንም ስላልነገራቸው፣ በሞራው ውስጥ አንድ ረጅም ነገር መጥቶ መስኮታቸው ላይ መቆሙን ብቻ አዩ። ባርኔጣቸውን አነሱና በትሕትና፣

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ።

ሰጎኑ አንገቱን ሰበር አድርጎ ጎንበስ አለላቸው።

«ሰውየው ምነው ዝም አለ?» አሉ ጋሼ ዞር ብለው፤ «ቅር አሰኘነው እንዴ?»

እትዬ መሪው ላይ ተደፋች። ጥሩምባው ጮኸ። ሰጎኑ ደንግጦ ላባውን ነፋና ተፈተለከ፤ ሴቶቹም ተከተሉት፤ አቧራው ተነሳ። እኔ ሆዴን ይዤ ድምፅ ማውጣት አቅቶኛል። ቁም ነገረኛው ስካውት አፉን በቆቡ ሸፍኖ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ፣ «ምንድነው? ምን ሆናችሁ?» ይላሉ። እትዬ እንባዋን እየጠረገች፣ «ሰጎን ነው እኮ! ሰጎን ነው ሰላም ያልከው!» አለቻቸው። ጋሼ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ መትተው እንደ ልጅ ሳቁ። «ታዲያ» አሉ ሳቁ ሲበርድላቸው፣ «ከብዙ ሰው ይሻላል። ጎንበስ ብሎልኛል።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ያስቀን ጀመር። ከርከሮዎቹ ጭራቸውን እንደ አንቴና ቀስረው በተርታ ሲሮጡ ሳቅን። የሜዳ ፍየሎቹ ቆመው ሲያዩን፣ «እነሱም ሊጎበኙን መጥተዋል» አለች እትዬ። አንድ ኮረብታ ላይ ወጥተን ሁለቱን ሐይቆች በአንድ ጊዜ ስናያቸው ግን ማንም አልሳቀም። ሻላ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥልቅ፤ አቢጃታ ገረጣ ያለ፣ ዙሪያው ነጭ። እዚያው ግራር ሥር ቆጯችንን በላን። ጋሼ እህታቸውን፣ «ምን ይታያል?» አሏት። እሷም አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ እንደ ገበያ ዕቃ በመልክ በመልኩ። «ዳር ዳሩን ደግሞ ሮዝ መስመር አለ። ወፎቹ መሰሉኝ።»

«ሮዝ እንዴት ያለ?»

«እንዴት ልበልህ? ቅርብ ሄደን እንየው።»

ስካውቱ፣ «ከነጩ መሬት በፊት ቆመን በእግር ነው የሚኬደው» አለ። ቁልቁል ወርደን ነጩ መሬት ጋ ስንደርስ እትዬ ልታቆም ነበር። ያኔ ነው ጋሼ በመስኮት ዘንበል ብለው ነጩን ነገር በሞራቸው ውስጥ አይተው፣ «ይሄማ ጨው ነው! እኔ አፋር ላይ በጨው ሜዳ ላይ ሙሉ ጭነት ይዤ ነድቼያለሁ። ከአስፋልት ይጠነክራል። ንጂ!» ያሉት።

«አይ፣ አባባ፣ ይሄኛው…» አለ ስካውቱ።

እትዬ ነድታ ነበር። ጥቂት ሄድን። ቅርፊቱ እንደ ስስ ቂጣ ተሰነጠቀ፤ ኤሊዋም በቀስታ፣ እንደሚተኛ ሰው፣ የኋላ እግሮቿን ጭቃ ውስጥ አስገባች።

«የኋላ ማርሽ አስገቢ» አሉ ጋሼ።

እትዬ መሪውን አየች፤ ማርሹን አየች፤ ወንድሟን አየች። «አላስገባም» አለች። «ባስገባ ከዚህም ይብሳል።»

ወረድን። ጭቃው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ጋሼ ጎማዎቹን በእጃቸው ዳበሱ፣ መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረጉ፣ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ እሳቸውም አዛዥ ሆኑ። «ድንጋይ! የግራር ቅርንጫፍ! ወደ ፊት ነው የምትወጣው፤ ከፊቷ ደረቅ ነው። ሁለት ክንድ ነው የቀራት።» ከብት ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ ከስካውቱ ጋር በኦሮምኛ ተነጋግረው፣ እየሳቁ ዱላቸውን አስቀመጡና ድንጋይ አቀበሉን። ሁሉም ተሰናድቶ ሲያልቅ ጋሼ ጠየቁ፦ «ከመሃላችን ማነው ቀላሉ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ መኪና ነድቼ አላውቅም!»

«መንዳት አይደለም» አሉ ጋሼ፤ «መቀመጥ ነው። ይሄ ፍሪሲዮን ነው፤ ልቀቂ ስል በቀስታ ትለቂዋለሽ። ይሄ ነዳጅ ነው፤ ትረግጪዋለሽ፤ ምንም ቢመጣ እግርሽን እንዳታነሺ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

ገባሁ። ጫማዬ ጭቃ ስለነበር አወለቅኩት። በመስታወቱ ውስጥ ከኋላ የተደረደሩትን አያለሁ፤ ስካውቱ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ በመሃላቸው ቀሚሷን ወገቧ ላይ ያሰረችው እትዬ። «ያ አላህ!» ብላ ጮኸች፤ ጋሼም «ልቀቂ!» አሉ። ለቀቅኩ። ረገጥኩ። ኤሊዋ አገሳች፣ ጭቃውን ወደ ኋላ ረጨችው፣ ተንሸራተተች፣ ድንጋዩን ነከሰችና እንደ ጥይት ወጣች።

ምንም ቢመጣ እግርሽን እንዳታነሺ ተብያለሁ። አላነሳሁም። ስለማቆም ማንም አንድ ቃል አልነገረኝም።

ሜዳው ጠፍጣፋ ነበር፤ ማለቂያ የለውም። ኤሊዋ በአንደኛ ማርሽ እየጮኸች ትከንፋለች፣ እኔም እጮሃለሁ። መጀመሪያ በፍርሃት ነበር የጮህኩት። ከዚያ መሪውን ወደ ግራ ሳዞረው ወደ ግራ መታጠፏን አየሁ። ወደ ቀኝ ሳዞረው ወደ ቀኝ። እኔ ባልኩት ትሄዳለች! ያን ጊዜ ጩኸቴ ወደ ሳቅ ተለወጠ። የሜዳ ፍየሎቹ በፊቴ እየዘለሉ ይበተናሉ። በግራ በኩል አንድ ሰጎን ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ጎን ለጎን ይሮጣል፤ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ አንዴ እኔን አንዴ መንገዱን እያየ፣ ውድድር መጀመሩን ማን እንደነገረው እንጃ። ክብ ሠርቼ ተመለስኩ። ሰዎቹ እጃቸውን እያወዛወዙ ወደ እኔ ይሮጣሉ፤ እያበረታቱኝ መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩላቸው። «ፍሬን! መሃለኛውን!» የሚለው የእትዬ ድምፅ ሲደርሰኝ አልፌአቸዋለሁ። ሌላ ክብ ሠራሁ። በዚያን ጊዜ ነው ሐይቁ ዳር ያሉት ወፎች ሁሉ በአንድ ላይ የተነሱት። የመሬቱ ጠርዝ ተገንጥሎ ወደ ሰማይ የወጣ መሰለኝ። ከላይ ነጭ የነበሩት ክንፋቸውን ሲዘረጉ ውስጡ ቀይ ሮዝ፣ በሺህ በሺህ፣ ጥላቸው ሜዳውን እየጠረገ በላዬ አለፈ። አፌን ከፍቼ ሳይ እግሬ በራሱ ተነሳ። ኤሊዋ ሁለት ጊዜ ዘለለችና ቆመች።

ወርጄ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ስካውቱ፣ «ወፎቹን! ወፎቹን አስነሳሻቸው!» እያለ ሊቆጣ ይሞክራል፤ ግን ፊቱ በሙሉ ጭቃ ስለሆነ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው፣ ጥርሱም እየሳቀ ነበር። እትዬ ከእግር እስከ ራሷ ነጭ ጭቃ ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ከሳቅ ብዛት መነሳት አቅቷታል። ከከብት ጠባቂዎቹ አንዱ ያየውን ለጓደኛው በእጁ እያዞረ ያሳየዋል። ይቅርታ ልጠይቃቸው ወደ ጋሼ ሄድኩ። ለብቻቸው ወደ ሐይቁ ዞረው ቆመዋል፤ ባርኔጣቸው በእጃቸው ነው።

«ጋሼ፣ ፍሬኑን እኮ አልነገሩኝም…»

«ዝም በይ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰማዩ ሮዝ ሆነ። አንቺ ነሽ ያስነሳሻቸው? ወፎቹን አላየኋቸውም፤ ቀለሙን ግን አየሁት። ሙሉውን አየሁት።» እትዬ መጥታ ጭቃ የሆነ እጇን በክንዳቸው ውስጥ አስገባች። ወፎቹ ራቅ ብለው እስኪያርፉ ድረስ ሦስታችንም እንደዚያ ቆምን።

ስንመለስ ስካውቱ በደረቁ በኩል መርቶ አወጣን፤ በሩ ላይም አወረድነው። ለከብት ጠባቂዎቹ ቀድመን የተረፈውን ቆሎና እንቁላል ሰጥተናል። ቆሼ ላይ መንገዱ ጭር ሲል እትዬ ዳር ያዘችና፣ «ነይ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። እስከ እንሴኖ መዳረሻ ድረስ እኔ ነዳሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ፍሬኑን ጭምር። ጋሼ ከጎኔ ሆነው ማርሹን በጆሯቸው ይቆጣጠራሉ። እትዬ ከኋላ ሆና፣ «ፈረንጅ ሆኛለሁ፤ ሹፌር አለኝ» እያለች ለመንገደኛው ሁሉ እጇን ታውለበልባለች።

ቡታጅራ የገባነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ትልቁ ልጅ ጠዋት የተውነው ቦታ፣ በሩ ላይ ነበር። ጭቃውን አየ፣ እናቱን አየ፣ ባዶ እግሬን አየ። «ምን በላችሁ?» አለ፤ አውሬ ማለቱ ነው። እናቱ መልስ አልሰጠችውም። ግቢው መሃል ቆመች፤ ነጠላዋን በሁለት ክንዷ እንደ ክንፍ ዘረጋች፤ አንገቷን አሰገገች፤ ጉልበቷን እያነሳች በዝግታ ተራመደች። ወደ ልጇ ተጠጋች። ጎንበስ አለችለት። ጋሼ ከመኪናው በር ሆነው፣ «ወአለይኩም ሰላም!» ብለው ጮኹ። በርበሬ ቀንጣሾቹ ሴቶች ምኑንም ሳያውቁ ሳቁ፤ ትንሹም ልጅ ሳቀ። ትልቁ ትንሽ ታገለ፤ ከዚያ እሱም አልቻለም፣ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ።

ሳቁ ሲያልፍለት ዓይኑን እየጠረገ ወደ ኤሊዋ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ የኋላ ወንበሯን አየና፣ «ይሄ ኋላ ላይ» አለ፤ «ስንት ሰው ይይዛል?»